ቀለብ አሳዳጇ እናት

ፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ ሲወስን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መከራው የሚጀምረው ግን ከዚያ ወዲያ ነው።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ በተቀባዩ ችግርና በከፋዩ አቅም እንዲመዘን ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ልጁን ያለ በቂ ምክንያት የማይቀልበውን ይቀጣል። እንግዲህ ሕግ የለም አይባልም። የጠፋው ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያደርስ እጅ ነው።

አባት ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲከፍል ይታዘዛል። ነጋዴ ወይም ደላላ ቢሆንስ? እናት የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታ፣ ሀብቱን ራሷ አፈላልጋ፣ ቀጠሮ ስትቆጥር ትከርማለች። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የቀን ገቢዋን ታጣለች፤ የልጅ ረሃብ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ይባስ ብሎ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ቀሪ ነው። እናት አቅም አጥታ የዘገየችበት ጊዜ ለሸሸው አባት ምሕረት ሆነ ማለት ነው!

«አባትየው ድሃ ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። አቅሙ ከተለወጠ ቀለቡ እንዲሻሻልለት ያመልክት፤ ሕጉ ይፈቅድለታል። መሰወር ግን አቤቱታ አይደለም።

ለግብሩ ሰብሳቢ ያለው መንግሥት፣ ዳኛው ላዘዘው የልጅ ቀለብ ሰብሳቢ ያጣል? ቀለቡን የሚቀበል፣ ያልከፈለውን የሚጠራ፣ ለልጁ የሚያደርስ አንድ ክፍል ይቋቋም። እናት ልጇን ታሳድግ፤ ባለዕዳ ማሳደዱ የመንግሥት ሥራ ይሁን።