የክረምታችን ዝናብና የሩቁ ባሕር

ዝናቡ የሚዘንበው በደጃችን፣ ሙቀቱም የሚሰማን በግቢያችን ስለ ሆነ፣ ምክንያቱ ሁሉ ከራሳችን ሰማይ የማያልፍ ይመስለናል። ነገር ግን ምድርን የከበበው አየር አንድ ነው፤ በአንዱ ወገን የተለወጠው በሌላው ወገን ሳይሰማ አይቀርም። በዚህ ወር የምንመለከተውም ከእኛ እጅግ የራቀ ባሕር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የወሎን ክረምትና የቦረናን ዝናብ እንዴት እንደሚለውጥ ነው።

ፓስፊክ የሚባለው ታላቁ ውቅያኖስ ከምድር ገጽ አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሸፈነ ነው። እንደ ልማዱ በሆነ ጊዜ፣ በምድር ወገብ አጠገብ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየነፈሰ የሞቀውን ውሃ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ በፔሩ ዳርቻም ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። ከ2 እስከ 7 ባለው ዓመት አንድ ጊዜ ግን ይህ ነፋስ ይደክማል፤ የሞቀውም ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ሙቀቱን በልደት በዓል ሰሞን ስላዩት በእስፓኝ ቋንቋ «ኤል ኒኞ» አሉት፤ ትርጓሜውም «ሕፃኑ» ማለት ሲሆን፣ የተሰየመው በሕፃኑ ክርስቶስ ነው። ባሕሩ ከልማዱ ይልቅ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «ላ ኒኛ» ይባላል።

«ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ በአየር አካሄድ ይገኛል። ሞቃት ባሕር በላዩ ያለውን አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በአንድ ስፍራ የወጣ አየር በሌላ ስፍራ ይወርዳል፤ የሚወርደውም አየር ደመናን ይበትናል። የሞቀው ስፍራ ሲዛወር አየሩ የሚወጣበትና የሚወርድበት ስፍራ በምድር ዙሪያ ይዛወራል። ስለዚህ በኤል ኒኞ ዓመት በሰሜንና በመካከለኛው ደጋችን የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ዘግይቶ ይገባል፤ ወይም ቶሎ ይወጣል። ደመናው ሲሳሳ ፀሐይ መሬቱን ያለ ከልካይ ትመታዋለች፤ የሚያበርደው እርጥበት ስላነሰም ቀኑ ከልማዱ ይልቅ ይሞቃል። ድርቅና ሙቀት ተያይዘው የሚመጡት ስለዚህ ነው። የዓባይም ሙላት በእንዲህ ያለው ዓመት ማነሱ የተለመደ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ያው ኤል ኒኞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላችን የጥቅምትንና የኅዳርን ዝናብ የሚያበዛ መሆኑ ነው፤ ይልቁንም የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን አብሮ የሞቀ እንደ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት እንዲህ ሆኖ በምሥራቅ አፍሪካ ብርቱ ጎርፍ ደረሰ። በ2007 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት የደጋው ክረምት በብዙ ስፍራ ስለ ከሸፈ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ ርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ላ ኒኛ ተከታትሎ በቆየ ጊዜ ግን መከራው ወደ ቆላው ዞረ፤ በቦረናና በሶማሌ ክልል 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱም በብዛት አለቀ።

እንግዲህ «ዘንድሮ ኤል ኒኞ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ለገበሬ አይበቃም፤ ለአንዱ ድርቅ የሆነው ለሌላው ጎርፍ ነውና። የባሕሩ ሙቀት ቀስ በቀስ የሚጨምር ስለ ሆነ ከወራት በፊት ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ከበልግ፣ ከክረምትና ከበጋ አስቀድሞ ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ወዴት እንደሚያደላ የሚያመለክት ነው እንጂ እንደ መሐላ የሚያዝ አይደለም። ቢሆንም ለራሱ አውራጃ የተነገረውን ለይቶ የሰማ ቤተ ሰብ ብዙ ይጠቀማል። ዝናቡ ይዘገያል ሲባል፣ ብዙ ወር የሚቆየውን ማሽላና በቆሎ ትቶ ፈጥኖ የሚደርሰውን ጤፍ ወይም ሽምብራ መዝራት ይቻላል። ከከብቱም ጥቂቱን ሥጋው ሳይከሳ መሸጥ፣ በጎተራ ያለውንም እህል አለመጨረስ ይገባል። በከተማ የምንኖርም በገጠር ያሉትን ወላጆቻችንንና ወንድሞቻችንን የምንረዳ ከሆነ፣ የእህል ዋጋ ሳይወጣ አስቀድመን እንላክላቸው፤ ከተራቡ በኋላ ከሚደርስ ብዙ ብር፣ ሳይራቡ የደረሰ ጥቂት ኩንታል ይበልጣልና።