ጣሪያ ላይ የማይነበብ መለኪያ

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ዲሽ ሲተከል የሚሰማው ምልልስ የታወቀ ነው። ጣሪያ ላይ የወጣው ባለሙያ ሳህኑን በስሱ እየገፋ «አሁንስ?» ይላል። ከቤት ውስጥ ልጁ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ «አልመጣም!» ይመልሳል። «ኳሊቲው ስንት ይላል?» «ዜሮ!» «አሁንስ?» «ሠላሳ... ጠፋ!» በዚህ መሀል ባለሙያው ኪስ ውስጥ ሳት ፋይንደር ሊኖር ይችላል፤ የሲግናሉን ጥራት እዚያው እጁ ላይ በቁጥር የሚያሳይ፣ ልጁንም ጩኸቱንም የሚያስቀር መሣሪያ። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ሰው ግን ከኪሱ ቢያወጣውም የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። በቀትር ፀሐይ፣ በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ላይ ሆኖ ያቺን ስክሪን ማንበብ አይችልም።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሞ ነው እንጂ ዕቃው ደህና ነው» ይባላል። ሻጩ እንዲህ ይላል፤ ወጣት ባልደረባውም እንዲሁ። ሽማግሌው ራሱም ይህንኑ ተቀብሎ መሣሪያውን ለልጅ ያቀብላል። ዕድሜውን አንቴና ሲያቆምና ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው የገዛ መለኪያውን ለማንበብ የሌላ ሰው ዓይን ይለምናል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። ጉድለቱ ዕቃው ላይ ነው፤ በሚሊሜትርም ይለካል።

ለሬዲዮ ሥራ የሚያገለግለው ናኖቪኤንኤ የተባለው መሣሪያ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንቴናው ከሬዲዮው ጋር መስማማቱን፣ ገመዱም የት ላይ እንደተበላሸ የሚናገር የኪስ መለኪያ ነው። ንድፉን አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ሠራው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የቻይና አምራቾች በብዛት ሲያወጡት ቀድሞ በአብዛኛው በሺዎች ዶላር በሚገዛ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚገኝ ልኬት በ50 ዶላር አካባቢ እጅ ገባ። በዓመቱ የሆላንዱ ኤሪክ ካስሁክ ታይኒኤስኤ የተባለውን የስፔክትረም መለኪያ በተቀራራቢ መጠንና ዋጋ አቀረበ። ለሬዲዮ አፍቃሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሊቃለል አይገባም። የመጀመሪያው ናኖቪኤንኤ ስክሪን ግን ከጥግ እስከ ጥግ 2.8 ኢንች ብቻ ሲሆን 320 በ240 ነጥቦች ተደርድረውበታል። የአንዷ ነጥብ ስፋት 0.18 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፊደሎቹ የተሣሉት በ7 ነጥብ ቁመት ስለሆነ፣ ባለሙያው ሊያነበው የሚገባው ቁጥር ቁመቱ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስለ ስክሪን ንባብ ባወጣው መመሪያ ፊደል በዓይን ላይ ቢያንስ የ16 ደቂቃ ማዕዘን እንዲይዝ፣ ለምቾት ደግሞ ከ20 እስከ 22 ደቂቃ እንዲሆን ይመክራል፤ ደቂቃ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው። ያ 1.2 ሚሊሜትር ቁጥር በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲያዝ የሚይዘው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ለወጣቱም ቢሆን ከመመሪያው በታች ነው። የሃያ ዓመቱ ልጅ ጉድለቱን የሚሸፍነው ዕቃውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ሲይዘው ፊደሉ 20 ደቂቃ ይሞላል። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ያን ያህል አስጠግቶ ማየት አይቻልም። ሽማግሌው ክንዱን ሲዘረጋ ፊደሉ ይበልጥ ያንሳል፤ ሲያስጠጋ ደግሞ ይደበዝዛል። በመካከል ማምለጫ የለውም።

ከዚያ በኋላ ባለ 4 ኢንች ስክሪን መጣ፤ ችግሩ የተፈታ መሰለ። ነገር ግን በዚህኛው ላይ የተደረደሩት ነጥቦች 480 በ320 ስለሆኑ የአንዷ ነጥብ መጠን ከበፊቱ ብዙም አልተለወጠም። ስፋቱ የተገኘው ተጨማሪ መስመርና ተጨማሪ ቁጥር እንዲይዝ ነው። ቁጥሮቹ የተለቁት ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ሶፍትዌሩን ሲያሻሽሉና ለትልቁ ስክሪን ተለቅ ያለ ፊደል ሲሰጡት ነው። ለዚህ አዲስ ስክሪን አላስፈለገም፤ የተለወጠው ኮድ ብቻ ነው። ቀድሞውኑም የጎደለው ሐሳብ እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

በዲሽ ሠራተኛው ሳት ፋይንደር ላይ ነገሩ የባሰ ነው። በብዙ አገር የሚሸጠው ሳትሊንክ 6933 የተባለው ስክሪን 2.1 ኢንች ነው፤ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዚህች ላይ የሳተላይቱ ስም፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ሲምቦል ሬቱ፣ የጥንካሬና የጥራት መስመሮች ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ይህ ስክሪን በየመንደሩ ተፈተነ። ከእስቴ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኢትዮሳትን የሚያሰራጨው ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ 64 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ትንሽ ገፋ ማድረግ አልበቃም፤ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ወደ ሰማይ ማቅናት ግድ ሆነ። የ90 ሳንቲ ሜትር ሳህን በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ስፋት ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያለ መለኪያ መፈለግ በጨለማ እንደመዳበስ ነው። መሣሪያው ላይ የሚገባው ቁጥርም አለ፤ ፍሪኩዌንሲው 11105፣ ፖላራይዜሽኑ አግድም፣ ሲምቦል ሬቱ 45000። በዚያው ሳተላይት ላይ 11165 የሚባል ሌላ ፍሪኩዌንሲ አለ። በዚህች ትንሽ ስክሪን ላይ በተጨናነቀ ፊደል 0 እና 6ን መለየት ለማን ይቀላል? ባለሙያው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ የሚያጣው ያስገባው ቁጥር ያ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ነው።

ቦታው ራሱ ለስክሪን ምሕረት የለውም። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጉናም ከጎኗ ነው። በዚህ ከፍታ የቀትር ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ርካሽ የቀለም ስክሪን ከጀርባው በሚበራ መብራት ስለሚሠራ ከዚህ ፀሐይ ጋር መወዳደር አይችልም፤ መስታወቱ ሰማዩንና የቆርቆሮውን ነጸብራቅ እየመለሰ ጽሑፉን ያጥበዋል። በዚህ ላይ የስልሳ ዓመት ሰው የዓይን መረብ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ልጅ ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ሌንሱም ወደ ቢጫነት ስለሚሄድ ሰማያዊ ቀለም ይከብደዋል። ናኖቪኤንኤና ታይኒኤስኤ ታዲያ መስመሮቻቸውን በጥቁር ላይ በቢጫ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ይሥላሉ፤ አንዱን ከሌላው መለያው ቀለሙ ብቻ ነው።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ የራሱ የዓይን ታሪክ አለው። ዞኑ በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የካርተር ማዕከልና የአማራ ክልል ጤና ቢሮ በሽታውን ለመከላከል በጋራ መሥራት ከጀመሩ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በልጅነቱ ደጋግሞ የታመመ ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ብሌን ላይ ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል። ጠባሳው ብርሃን ይበታትናል፤ ሰውየው መንገድ ያያል፣ ሰው ይለያል፣ በነጭ ብርሃን መሀል ያለ ደካማ ፊደል ግን ይጠፋበታል። እንዲህ ላለው ዓይን «መነጽር ይግዙ» ማለት መልስ አይሆንም።

መነጽርም በራሱ ሙሉ መልስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የቅርብ ዕይታቸው በዕድሜ ደክሞ መነጽር ያላገኙ ሰዎች 826 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ገምቷል፤ በገጠር ወረዳ የሚኖር ባለሙያ ከእነዚህ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አግኝቶ ቢያደርግስ? የማንበቢያ መነጽር ከግማሽ ሜትር ወዲያ ያለውን ያደበዝዛል። ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቆርቆሮ፣ የሚይዘው ማገር፣ ጫፉም ጭምር ከግማሽ ሜትር ወዲያ ነው። መለኪያውን ለማንበብ መነጽር ያደርጋል፤ ለመራመድ ያወልቃል፤ አንድ እጁ ሳህኑን ይዟል። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ ዲሽ ለመትከል ጣሪያ የወጡ አይመስሉም።

ሌላው መልስ «በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አይገኝም» የሚለው ነው። ሐሰት ለመሆኑ ከዚያው ከባለሙያው የዕቃ ሳጥን ውስጥ ማስረጃ ይወጣል። ከሁሉም ርካሽ የሆነው ዲጂታል ቴስተር ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጡ ቁጥሮችን በግራጫ ስክሪን ላይ ያሳያል። ይህ ስክሪን የራሱ መብራት ሳያስፈልገው የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚጠቀም ፀሐዩ በበረታ ቁጥር የበለጠ ይነበባል። ሌላው ደግሞ ኤስኤፍ 95 የሚባለው ባለ መርፌ ፋይንደር ነው። መርፌው ከ0 እስከ 10 ይሄዳል፤ ሲግናል ሲያገኝ ይጮኻል፤ ሲግናሉ ሲጠነክር ጩኸቱም ይቀጥናል። ባለሙያው ዓይኑን ብሎኑ ላይ፣ ጆሮውን መሣሪያው ላይ አድርጎ ይሠራል። የትኛው ሳተላይት እንደሆነ መለየት አይችልም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው። ነገር ግን ከዘመናዊው በብዙ እጥፍ የሚረክስ ዕቃ ለሰው ዓይንና ጆሮ ያሰበውን ያህል፣ ውዱ አላሰበም። የአምራቾቹ ውድድር ያለው «ስንት ነገር ይሠራል?» በሚለው ላይ ነው፤ ማን ያነበዋል የሚለውን የሚጠይቅ የለም።

«ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይቻላል» የሚለው ክርክር የተሻለ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው በእርግጥ ይረዳል፤ የናኖቪኤንኤን ውጤት በኮምፒውተር ላይ አስፍቶ የሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር አለ። ጣሪያ ላይ ወይም ምሰሶ ሥር ግን ኮምፒውተር አይወጣም። ስልክም ቢሆን ሦስተኛ እጅ ይጠይቃል።

«ሥራውን ለወጣት ይተዉት» የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያዎቹን የሚገዛውን ሰው አያውቅም። አማተር ሬዲዮ በዓለም ዙሪያ የሚያረጅ ማኅበረሰብ ነው። በጃፓን በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የነበሩት የአማተር ጣቢያ ፈቃዶች ዛሬ ከግማሽ በታች ወርደዋል። የ50 ዶላር መለኪያ ደንበኛው በዋናነት ይህ በዕድሜ የገፋ አማተር ነው። በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ኢቲ3ኤኤ የተባለውን ጣቢያውን ይዞ ቆይቷል፤ በዚያ ወጣት ተማሪ ዕውቀቱን የሚያገኘው ከእሱ ከሚበልጡ ሰዎች ነው። በወረዳ ከተሞችም መንገዱ ይኸው ነው። ብየዳ፣ የገመድ አያያዝ፣ አንቴና ከየት በኩል እንደሚሰማ በጆሮ መለየት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሙያ ነው። መምህሩ የማያነበውን መሣሪያ ተማሪው ብቻውን ሲይዘው፣ ቁጥሩን ያያል እንጂ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ያጣል።

መደረግ ያለበት ረቂቅ አይደለም። አስመጪው ዕቃ ሲመርጥ የስክሪኑን ኢንች ብቻ ሳይሆን የፊደሉን ቁመት ይጠይቅ፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ለማንበብ 2.3 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የሱቁ ሻጭም ሆነ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚገዛው ኮሚቴ መሣሪያውን በቀትር ወደ ደጅ ያውጣው፤ ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ሰውም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ካልተነበበ አይገዛ። አምራቾቹ አንድ ቁጥር ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ የሚታይበት ገጽ ይጨምሩ፤ ድምፅም ይስጡት። የመስመሮቹን ልዩነት በቀለም ብቻ ሳይሆን በውፍረትና በነጠብጣብ ያሳዩ።

አምራቾቹን መጠበቅም ግዴታ አይደለም። የናኖቪኤንኤና የታይኒኤስኤ ኮድ ክፍት ነው፤ የፊደሉ ሥዕል ከኮዱ ጋር አብሮ ይገኛል፤ ሊለወጥ ይችላል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ በ5 በ7 ነጥብ ፈጽሞ አይሣልም፤ ጠ እና ጨ፣ ሰ እና ሸ እንዲለዩ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ቦታ ይጠይቃሉ። ሜኑው በአማርኛ ይሁን ከተባለ ፊደሉ የግድ መተለቅ አለበት፤ ቁጥሮቹም አብረው ይተልቃሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በአምስት ኪሎ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶች ይህን ሥራ ለመሥራት የሚያስችል ትምህርት አላቸው። መምህራኖቻቸው የመመረቂያ ሥራ አድርገው ይስጧቸው፤ ሲጨርሱም ውጤቱን እስቴ ወስደው፣ በቀትር፣ ለዲሽ ሠራተኞች ያስነብቡት።