በሩ ሳይከፈት ጭነቱ ይታይ





እኔ በዲላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ የተላከልንን የጽሕፈት መሣሪያና የብረት ካቢኔት የጫነ ተሳቢ ከግቢያችን ደረሰ። ጊዜው የቡና ወራት ነበርና ሾፌሩ በመልስ የሚጭነው ቡና እንዳያመልጠው ይጣደፋል፤ እኔም የምሳ ሰዓት ስለደረሰብኝ «ቶሎ በሉ» እያልሁ አቻኩል ነበር። ከአውራጆቹ አንዱ ወጣት ከኋላው ስፖንዳ ፊት ለፊት ቆሞ ሲከፍተው፣ ስፖንዳውን ተደግፎ የመጣው ካቢኔት ከነወረቀት ካርቶኑ ወረደበትና እግሩ ተሰበረ።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ መንገድ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ሲንገጫገጭ የመጣ ጭነት እንደተጫነ አይደርስም፤ ገመዱ ይላላል፤ ዕቃው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። «ከባድ ስለሆነ አይነቃነቅም» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በአውሮፓ ደንብ የጭነት አያያዝ ወደፊት የጭነቱን ክብደት 80 ከመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 ከመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል ይፈለጋል። ስለዚህ 50 ኩንታል የጫነ መኪና በድንገት ፍሬን ሲይዝ እስከ 40 ኩንታል የሚያህል ግፊት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን ሸራ ብቻውን አይመልሰውም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ሾፌሩ በጫኞቹ፣ ባለመኪናው በሾፌሩ፣ እኛም በባለመኪናው አሳበብን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የቀን አውራጁን ግን «አሠሪው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ታጣ። እኔም በዚያኑ ቀን ሞዴል 19 ስቆርጥ ካቢኔቱንና ካርቶኑን ቆጥሬ «ጉድለት የለም» አልሁ። የሰውየው እግር በየትኛው መስመር ይጻፍ?

ስለዚህ ዕቃ የምንረከብ ባልደረቦቼን የማሳስበው ይህን ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ጎማው ታኮ ይደረግበት። ከመክፈት በፊት ሸራው ተገልጦ ጭነቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይታይ። ከፋቹ ከጎን ይቁም እንጂ ከፊት አይቁም። ዕቃው ከላይ ወደ ታች ይውረድ እንጂ ከመካከል አይመዘዝ። ጭነቱ ላይ ሰው ተቀምጦ መኪናው አይንቀሳቀስ። የግዥና የማጓጓዣ ውል የሚያዘጋጁትም ከባዱ ከታች እንዲሆንና ሁሉም ተጠፍሮ እንዲታሰር፣ የአውራጁም ኃላፊ ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጥ ይጻፉ።

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። እኛም የፈሰሰውን ወረቀት ለቅመን ወደ ግምጃ ቤት አስገባን። ያን ወጣት ግን ከሁለት ወር በኋላ በመኪና ተራ በዱላ ተደግፎ፣ ሌሎች ሲያወርዱ ቆሞ ሲመለከት አየሁት። «ቶሎ በሉ» ያልሁት እኔ ነኝና ይህን ሳልጽፍ መቅረት አልቻልሁም።

አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
ከዲላ