ማሽኑን የሚመርጠው ማነው? ራውተርና ሚሊንግ በቱሉ ዲምቱ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ በዘይትና በመድኃኒት ዋጋ ላይ ስላደረሰው ብዙ ተብሏል። በማሽን ላይ ስላደረሰው ግን ብዙም አልተባለም። ያኔ ሁለት ማሽን ለመግዛት የሚያስብ አነስተኛ ወርክሾፕ ዛሬ አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበታል። አንዱን ሲመርጥ ደግሞ መሳሳት አይችልም።

ጥያቄው ሲ.ኤን.ሲ ራውተር ወይስ ሲ.ኤን.ሲ ሚሊንግ የሚለው ነው። (ራውተር ሲባል በየቢሮው ጥግ ኢንተርኔት የሚያድለው ሳጥን ትዝ ያለው አንባቢ አይፈረድበትም፤ የተገናኙት በስም ብቻ ነው።) ሁለቱም በኮምፒውተር እየታዘዙ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚጠርቡ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ። ራውተር ሰፊ ጠረጴዛና ቀለል ያለ አካል አለው፤ መቁረጫው በደቂቃ 18 ሺሕ፣ 24 ሺሕ ጊዜ ይሽከረከራል፤ የተለመደው ዓይነት 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ኤም.ዲ.ኤፍ ያስተኛል። ሚሊንግ፣ ቶርኖ ቤት ያደጉት ፍሬዛ የሚሉት፣ ክብደቱ በቶን የሚለካ፣ ጠረጴዛው ጠባብ፣ ሽክርክሪቱ ዝግ ያለ ግን ጉልበተኛ ነው። ብረት ሲቆርጥ አይንቀጠቀጥም፤ ልኩን እስከ ሚሊ ሜትር መቶኛ ይጠብቃል። ራውተር አሉሚኒየምን በጥንቃቄ ይሞክረዋል፤ ጠንካራ ብረት ካቀረቡለት ግን የሚሰበረው መቁረጫው ነው። ሚሊንግ ላይ በር ልጥረብ ያለም በሩ ጠረጴዛው ላይ አይተኛለትም።

ቱሉ ዲምቱን ያነሳሁት ሁለቱ ፍላጎቶች የተገናኙባት ሠፈር ስለሆነች ነው። በአንድ በኩል የጋራ መኖሪያ ቤቶቿ አሉ፤ ቁምሳጥኑንም የኩሽና ካቢኔቱንም ነዋሪው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ በራሱ የሚያሟላባቸው። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በር ናት፤ ከባድ መኪናው በዚያ ይመላለሳል፣ የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካዎችም ሩቅ አይደሉም። መለዋወጫ ይፈለጋል።

እንጨት ሥራ «ያው አናጢነት»፣ ብረት ሥራ ግን «እውነተኛ ኢንዱስትሪ» ተደርጎ ስለሚታይ ምኞት ወደ ሚሊንግ ያዘነብላል። ተኪ ምርት የሚለው መፈክርም ያበረታታል። ነገር ግን ጋራዥ የሚጠይቀውን መለዋወጫ ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙው ክብ መሆኑን ይረዳል፤ ዘንግ፣ ቡሽ፣ ፒን ነው። ይህ የቶርኖ ሥራ ነው እንጂ የሚሊንግ አይደለም። ሚሊንግ የሚፈልገው ጠፍጣፋ ፊት፣ ቦይ፣ ሞልድ ነው፤ ይህን የሚያዘው ባለጋራዡ ሳይሆን ፋብሪካው ነው። ፋብሪካ ደግሞ ንድፍና የተረጋገጠ ልክ ይጠይቃል። ስለዚህ የፋብሪካ ትዕዛዝ በእጁ የሌለው ወርክሾፕ ሚሊንግ ቢገዛ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ክፍያው ይቀጥላል። ለአብዛኛው የዚያ አካባቢ ወርክሾፕ ራውተሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 807/2005 ይመራል። በፋይናንስ ኪራይ ማሽኑን የሚመርጠው ተከራዩ ነው፤ ባለቤትነቱ ግን የአከራዩ ሆኖ ይቆያል። ያልሆነ ማሽን የመረጠ ወጣት አከራዩን ሊወቅስ አይችልም። አቅራቢውም «ያዘዝከውን አምጥቻለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው።

መውጫው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አለ። ሻጭ ዋስ የሚሆነው ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት እንዲበቃ ብቻ አይደለም፤ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎትም ጭምር ነው። ውሉ «አንድ ሲ.ኤን.ሲ ማሽን» ብቻ ካለ ልዩ አገልግሎት የሚባለውን ከየት እናምጣው? የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ እንኳ ሁለቱን አይደባልቅም፤ የእንጨትና የጠንካራ ፕላስቲክ መሥሪያውን በ8465፣ የብረቱን በ8457 እና በ8459 ለይቶ አስቀምጧል።

እናም ከፊርማ በፊት ማሽኑ የሚቆርጠው ነገር ዓይነት፣ ውፍረትና የሚፈለገው ልክ በውሉ ይጻፍ። ባለሦስት ፌዝ መብራት የሚሻ ከሆነም ይገለጽ፤ ቆጣሪው እስኪመጣ ማሽኑ ሸራ ለብሶ መቀመጥ የለበትም። ርክክቡም ገዢው ራሱ በሚያመጣው ጣውላ ወይም ብረት፣ አቅራቢው፣ አከራዩና የሚያሠራው ባለሙያ ባሉበት ተሞክሮ ይሁን። ሕጉ ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ለወራት የቆየ ማሽን ላይ ክርክር ማንሳት ከባድ ነው።