«ኦርጋኒክ ነው» ተባልኩ

ሰኞ ማታ ባለቤቴ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ይዛ ገባች። ፌስታሉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ከቅጠሉ ሥር «ኦርጋኒክ» ይላል። ዋጋው ጉልት ከምንገዛው እጥፍ ነው። የት በቀለ? ማን አረጋገጠ? ፌስታሉ ዝም።

የእንቁላሉን ጠብ የምታስታውሱ አንባቢዎቼ ቀጥሎ ቤታችን ውስጥ የሆነውን አትጠይቁኝም። ለማታስታውሱት፦ «የሐበሻ ነው» ተብዬ በውድ የገዛሁት ሠላሳ እንቁላል ጭቃው ሲታጠብ ሠላሳውም ነጭ፣ ሠላሳውም በአንድ ልክ፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ሆኖ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ በቃል ብቻ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለኝን ሰው አላምንም።

እኔ ደግሞ የአምቦ ልጅ ነኝ። ተፈጥሮ ታሽጋ ስትሸጥ አይቼ ነው ያደግኩት፤ ውኃችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ ጠርሙስ ውስጥ ነው። «ኬሚካል ያለበት ነገር ባፌ አይዞርም» የሚሉ ወዳጆቼ ከቁርጡ በኋላ አምቦ ውኃ ሲያዝዙ ሳይ ደስ ይለኛል። ጠርሙሱን አዙረው ቢያነቡ ካልሲየም፣ ማግኒዢየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት ነው። ኬሚካል ነው፤ ከመሬት የወጣ ኬሚካል። ይጥማል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ምስክር ወረቀቱ ግን በአብዛኛው ባሕር ለሚሻገረው ቡናና ማር ነው። የኛ ቲማቲም ምስክሩ የሻጩ አፍ ነው።

ለጤናስ? የስታንፎርድ ሐኪሞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ከሁለት መቶ በላይ ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ በቪታሚን በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አጡ፤ የፀረ ተባይ ቅሪቱ ግን በኦርጋኒኩ ያንሳል። ፈረንሳዮች በ2018 ወደ 69 ሺህ ሰው ተከታትለን ኦርጋኒክ አዘውታሪው በካንሰር የሚያዘው ባነሰ ቁጥር ነው አሉ። ከእነሱ አራት ዓመት ቀድመው ከ600 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተሉት እንግሊዞች በጥቅሉ ሲታይ እንዲህ ያለ ነገር አላገኙም። ኦርጋኒክ የሚያዘወትር ፈረንሳዊ እኮ ብዙውን ጊዜ አያጨስም፣ ስፖርት ይሠራል፣ ኪሱም ደህና ነው። የቱ እንዳዳነው ማን ይለየዋል? በዚህ ማስረጃ እጥፍ አልከፍልም፤ በእጥፉ ብር ሁለት እስር ጎመን ይጨመርልኝ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ሐሙስ ግን ለለቅሶ ጉደር ወረድኩ።

ከድንኳኑ ወጣ ብዬ ያጎቴ ልጅ ወንዙ ዳር ያለማው ማሳ ደረስኩ። ሞተሩ ውኃ ይስባል፤ ቲማቲሙ ቀልቷል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ መርጫውን ሊያዝል ሲል መድኃኒቱን ይለካ ነበር። መለኪያው የሃይላንድ ክዳን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ሁለት አይደል እንዴ የታዘዘው?» አልኩት።

«ትሉ ለምዶታል፣ ጋሼ።»

በእንጨት አማሰለ፤ እንጨቱ ሲያጥርበት በእጁ ጨረሰው። አፉ ላይ ሸሚዙን ሳበ፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነው። ነፋሱ ከጊንጪ በኩል ሲመጣ የረጨው ሁሉ ወደ ፊቱ ይመለሳል። መርጫው ያንጠባጥባል፤ ጀርባው ርሷል።

«መቼ ትለቅሙታላችሁ?» አልኩት አባትየውን።

«አይሱዙው ሲመጣ።»

ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው አይሱዙው አይደለም። ከቤቱ ጥግ ደግሞ ሁለት መደብ ቲማቲም ለብቻው ቆሟል። «እሱ የቤት ነው፤ አይረጭም» አለኝ ሳያፍር። ኦርጋኒክ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ፌስታልም የለውም፣ አይሸጥምም።

«ወደ አያቶቻችን እርሻ እንመለስ» የምትሉኝ አላችሁ። ፍጉ ኩበት ሆኖ እየነደደ፣ ገለባውን ከብት እየበላው፣ መሬቱ ምን በልቶ ያብቅል? እናንተ ከቦሌ ሆናችሁ ብትመለሱ ይቀላል።

የልጁን እናት ስለ ጤናው ጠየቅኋት። የረጨ ዕለት ማታ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል። «ምች ነው» አለችኝ፤ ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች። ዳማከሴው ኦርጋኒክ ነው፤ ከጓሮ።

እኔ የምበላው ላዩ ላይ የቀረውን ነው፤ ባጥበው የተወሰነው ይለቃል። ልጁ የሚቀበለው ግን ሙሉውን፣ በየሳምንቱ ነው። ስለ ሰላጣዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከባለቤቴ ስከራከር እሱ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አርብ አምቦ አድሬ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ገዛሁ፤ በጉደር ታክሲ ላክሁለት። ትናንት ደወልኩ። አፍ መሸፈኛው ያፍነዋል። በጓንቱ እናቱ ድስት ታጥብበታለች።