«እኛ» ያለው ካህን

በቤልጅጋዊው ካህን በአባ ዳሚያን ሕይወት ላይ የተሠራው «ሞሎካይ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ትምህርት ቤቶች ቢታይ መልካም ነው እላለሁ፤ ብቻውን ግን አይታይ። ዳሚያን እ.ኤ.አ. በ1873 በሐዋይ ወደምትገኘው ወደ ሞሎካይ ደሴት ሄዶ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል አጠበ፤ ቤት ሠራላቸው፤ የሬሳ ሣጥናቸውንም ሳይቀር በእጁ ጠረበ። በመጨረሻ ደዌው ይዞት በ1889 አረፈ። ተማሪ ሆይ፣ ይህን ብቻ ተመልክተህ የወጣህ እንደሆነ ሕሙም መቅረብ ሞት ነው ትላለህ። ዛሬ ግን ደዌው በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒት የጀመረ ሕሙምም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አያጋባም። ታዲያ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጠውን ሰው «ቆማጣ» እያልን የምንሸሸው ስለ ምንድን ነው? ዳሚያን በስብከቱ ሕሙማኑን «እናንተ» አይላቸውም፤ «እኛ» ይል ነበር። ይህንም ያለው ደዌው ገና ሳይዘው ነው።