የአውቶሞቢል ስምና የቤተ ሰብ ነፍስ

በቆቦ ገበያ በሬ የሚገዛ የራያ ገበሬ የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ጥቂት አስኪዶም አረማመዱን ይታዘባል። የዚያው ገበሬ ወንድም በንግድ ወይም በዐረብ አገር ሥራ ጥሪት አፍርቶ ባለ አራት በር ትንሽ የቅንጦት አውቶሞቢል ሊገዛ የተነሣ እንደሆነ ግን፣ የሚያየው ቀለሟን፣ የቆዳ ወንበሯንና በግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ነው። በሬው ቢሰንፍ የሚጐዳው እርሻው ነው፤ አውቶሞቢሏ ብትከፋ ግን የሚጠፋው የቤተ ሰብ ነፍስ ነው።

«ይህ ጉዳይ ደመወዙ ለብስክሌት እንኳ የማይበቃውን ጀማሪ ጸሐፊና ተማሪ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ያገባዋል። በየዘመዱ ቤት ሊብሬውን የሚያነበው፣ የእንግሊዝኛውንም ጽሑፍ የሚተረጕመው እርሱ ነውና፣ አጎቱ «ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ደኅና ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እርሱኑ ነው። ከዚህም ጋር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ከለከለ፣ ያን ጊዜ በአገር ውስጥ የነበሩት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ያረጁ ጀመር። ስለዚህ «ደኅና ናት» ከማለት በፊት ሦስት ነገሮችን ለይቶ መመልከት ይገባል።

የመጀመሪያው የፋብሪካው ስም ነው። ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 የመርሴዲስ ቤንዝ ፋብሪካ ኤ ክላስ የተባለችውን ትንሽ አውቶሞቢል ባወጣ ጊዜ፣ አንድ የስዊድን መጽሔት አውሬ በድንገት መንገድ ቢዘጋበት ሾፌር መሪውን ወዲያና ወዲህ እንደሚጠመዝዝ አድርጎ ቢፈትናት ተገለበጠች። ፋብሪካውም ማስረከቡን ለጊዜው አቁሞ፣ ኢ.ኤስ.ፒ. የሚባለውን ከመንሸራተት የሚጠብቅ መሣሪያ በሁሉም ላይ ገጠመ። በስዊድን መንገድ የሚዘጋው አውሬ ፈረስ የሚያህል ቀንዳም ነው፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው መንገድ ግን ግመልና በሬ ነው። ስለዚህ ገዥው ይህ መሣሪያ በአውቶሞቢሏ ላይ መኖሩን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ኮከብ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ ድርጅት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎችን እያጋጨ በኮከብ ይመዝናል፤ ትልቁ ማዕርግ አምስት ኮከብ ነው። ነገር ግን ፈተናው በየጊዜው እየከበደ ስለሚሄድ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተገኘ አምስት ኮከብ ከዛሬው አምስት ጋር አይስተካከልም። ደግሞም የፊት ለፊቱ ግጭት ለብዙ ዓመት ይፈተን የነበረው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ነበር። የግጭት ኀይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በቆቦ ሜዳ በ100 የምትበር አውቶሞቢል የምትሸከመው ኀይል ከዚያ ፈተና ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ለዚህ ፍጥነት ኮከብ የሰጣት የለም።

ሦስተኛውና ዋናው የዚያችው አውቶሞቢል የራስዋ ታሪክ ነው። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ኤርባጎች፣ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁባቸው ከረጢቱን የሚነፋው ባሩድ መሰል ነገር እየተበላሸ፣ በግጭት ጊዜ የብረት ስብርባሪ በተሳፋሪው ላይ የሚረጩ ሆነው ተገኙ። በዓለም ላይ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቈጠሩ አውቶሞቢሎች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ከሰረ። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ከ2000 እስከ 2006 የተሠሩና ኤርባጋቸው ያልተለወጠ ቢ.ኤም.ደብልዩ ባለ 3 ተከታታይ አውቶሞቢሎች እንዳይነዱ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ቶዮታ ለአንዳንድ የ2003ና የ2004 ኮሮላ ባለቤቶች ያንኑ አሳሰበ። አውቶሞቢሏ ባሕር ተሻግራ ባለቤት ከለወጠች በኋላ ግን የጥሪው ደብዳቤ አዲሱን ጌታዋን ፈልጎ አያገኘውም።

ስለዚህ የተማረው ዘመድ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፤ በፋብሪካው ድረ ገጽም ላይ አስገብቶ ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩን ይመልከት። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ከነአካቴው ካልበራ ግን ጉድለቱን ለመሸፈን የነካካው ሰው እንዳለ ይጠርጥር። ቀበቶዎቹን የኋላውን ጭምር እስከ መጨረሻው ስቦ መተልተላቸውን ይይ፤ በድንገትም ሲስባቸው ይያዙ። በጎማው ጎን ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በቆላችን ፀሐይ ያረጀ ጎማ፣ ጥርሱ ባያልቅም አይታመንም። ከዚህ በኋላ ከደላላው ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ከሥር ገብቶ ይያት።

ደላላው «አታምነኝም ወይ?» ብሎ ቢቈጣ፣ አጎትም «ይህን ያህል ምን ያስፈራሃል?» ቢል፣ ተምሯል የተባለ ወጣት ይሉኝታ ሊይዘው አይገባም። «ስሟን አውቃለሁ፤ ይህችን ግን ገና አላየኋትም» ብሎ ግዢውን አንድ ሳምንት ቢያዘገይ፣ የሚወቀሰው ለሳምንቱ ብቻ ነው።